በ313 ናኖሜትር ላይ ቤሪሊየምን ስለ መለካት፦ አሠራሬና የተማርኩት

ቤሪሊየም እንደ ካርቦንና እንደ ብረት በከዋክብት እምብርት አይሠራም። የሚፈጠረው የኮስሚክ ጨረር ቅንጣቶች በኅዋ ካሉ የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ኒውክሊየሶች ጋር ተላትመው ሲሰባብሯቸው ነው፤ በመሆኑም በአንድ አሮጌ ኮከብ ገጽ ላይ የሚገኘው መጠን ኮከቡ በተወለደበት ዘመን ስለ ነበረው ጨረር ይመሰክራል። ይህን ምስክርነት ከምድር ለማንበብ የምንጠቀምባቸው ሁለቱ መስመሮች (ቤሪሊየም በኮከቡ ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማት በተዘረዘረው ብርሃኑ ላይ የሚያስከትላቸው ጠባብ ጥቁረቶች) ግን በ313.04 እና በ313.11 ናኖሜትር ላይ ናቸው፤ ይህም ኦዞን ብርሃኑን ፈጽሞ ሊዘጋ በተቃረበበት ጠርዝ ላይ ነው።

ለመለካት የመረጥኩት ኤችዲ 140283 የተባለውን፣ የብረት መጠኑ ከፀሐይ በመቶዎች እጥፍ የሚያንሰውን ኮከብ ነው። የተጠቀምኩት በቺሊ ፓራናል ተራራ፣ 8.2 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የተተከለው ዩቬስ የተባለ፣ ብርሃንን በቀለማቱ የሚዘረዝር መሣሪያ የመዘገበውንና በአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ መዝገብ ለሁሉም ክፍት የሆነውን መረጃ ነው።

ከመዝገቡ ስመርጥ በመጀመሪያ ያየሁት መሣሪያው ብርሃን የሰበሰበበትን የጊዜ ርዝመት ሳይሆን በዚያ ሰዓት ኮከቡ በሰማይ ላይ የነበረበትን ከፍታ ነው። ኮከቡ ከአናት በ60 ዲግሪ ሲዘቀዝቅ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር እጥፍ ይሆናል፤ በአየር ሞለኪውሎች ምክንያት የሚደርሰው መበተን ብቻውን በ313 ናኖሜትር ላይ በ400 ናኖሜትር ላይ ካለው 2.7 እጥፍ ገደማ ነው፣ ኦዞኑ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል። ከዚህም ሌላ አየሩ ቀለማቱን ስለሚነጣጥል፣ በሚታይ ብርሃን የስሊቱ (ብርሃን ወደ መሣሪያው የሚገባበት ጠባብ ክፍተት) መሐል ላይ የተቀመጠ ኮከብ በአልትራቫዮሌት ከስሊቱ ውጭ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ኮከቡ ከፍ ብሎ በነበረበት ጊዜ፣ ስሊቱም ወደ አናት በሚያመራው አቅጣጫ ቆሞ የተመዘገቡትን አስቀደምኩ። መስታወቱም ወሳኝ ነው፤ ብር የተቀባ መስታወት ለኢንፍራሬድ እጅግ ተስማሚ ቢሆንም ከ400 ናኖሜትር በታች ብርሃን የማንጸባረቅ ኃይሉ ስለሚያሽቆለቁል፣ በዚህ ሥራ አሉሚኒየም የተቀባ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ስፋቱ ቢያንስም ሊበልጠው ይችላል።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ግን ኮንቲኑሙን፣ ማለትም መስመር ባይኖር ስፔክትረሙ የሚኖረውን ደረጃ፣ መወሰን ነው። በፀሐይ ዓይነት ከዋክብት ይህ አካባቢ በብረታ ብረትና በሞለኪውል መስመሮች ስለሚጨናነቅ ባዶ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ብረት ያነሰውን ኮከብ የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው። የተቆራረጡትን የስፔክትረም ክፍሎች አንድ ላይ ማጣበቅ በመገናኛቸው ላይ ሞገድ መሰል ቅርጽ ስለሚፈጥር፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ለካሁ። ከዚያም ደረጃውን አንድ በመቶ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ስሌቱን ደገምኩ። መስመሮቹ ጥልቀታቸው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ውጤቱን ከሁካታው (በመረጃው ውስጥ ካለው የዘፈቀደ መዋዠቅ) ይልቅ ይህ ትንሽ የኮንቲኑም ለውጥ እንደሚያናውጠው አየሁ። በዚህም ምክንያት ሁለቱን እርግጠኛ ያለመሆን ምንጮች ለየብቻ መዝግቤአለሁ፤ ተደባልቀው በአንድ ቁጥር ሲቀርቡ አንባቢው የትኛው እንደሚያሳስበው ማወቅ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ተራራ ላሉት ቴሌስኮፖች የታቀደው ኪዩብስ የተባለ አዲስ መሣሪያ ከ300 እስከ 405 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ከዩቬስ በበለጠ ብቃት እንዲሰበስብ ታስቦ የተነደፈ ሲሆን፣ የመለየት አቅሙ (የሞገድ ርዝመቱ መሣሪያው ሊለየው ለሚችለው አነስተኛ ልዩነት ሲካፈል) ከ20,000 በላይ ነው። በዚህ አቅም ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከሌላው ይለያሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ግን ይጠጓቸዋል። አሁን የዩቬስን ስፔክትረም ሆን ብዬ ወደ 20,000 እያወረድኩ፣ ያው የቤሪሊየም መጠን መልሶ መውጣቱን በመፈተሽ ላይ እገኛለሁ።