በ25 ተቀርጾ በ24 የታየው ፊልሜ

አዲስ አበባ ተቀርጾ ሜሪላንድ ኤዲት የተደረገ የ20 ደቂቃ አጭር ፊልም አለኝ። ንግግሩ በሙሉ አማርኛ ነው፤ ከምስሉ ግርጌ የሚነበብ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ ማለትም ሰብታይትል አለው። የታየው ጥቁሮች፣ ላቲኖች፣ እስያውያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሠሯቸው ፊልሞች ብቻ በሚቀርቡበት አንድ የሰፈር ፌስቲቫል ላይ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ሰው በእኔ ኪሳራ ይማር ብዬ ነው የምጽፈው፤ እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ማመልከቱ ቀላል ነው። ፊልምፍሪዌይ በሚባለው የፌስቲቫል ማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ፊልሙን በይለፍ ቃል ትጭናላችሁ፣ አጭር ማጠቃለያ፣ ሁለት ሦስት ጥሩ ፎቶ፣ የዳይሬክተር መግለጫ፣ ክፍያ። ቀደም ብሎ ያመለከተ ያነሰ ይከፍላል። ለሰፈር ፌስቲቫል በኢሜይል ከክፍያ ነፃ አድርጉኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። «የመጀመሪያ ዕይታችሁን ለትልቅ ፌስቲቫል አቆዩ» የሚለውን ምክር ግን ለአጭር ፊልም አልቀበለውም። ፊላደልፊያ ላለው ብላክስታር ፌስቲቫልም፣ ሎስ አንጀለስ ላለው ፓን አፍሪካን ፌስቲቫልም ላኩ፤ መልስ እስኪመጣ ግን ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት። ሙዚቃን በተመለከተ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከግጥምና ዜማው ባለቤት፣ ሌላው ከቅጂው ባለቤት። የድሮ ካሴት ዘፈን ከሆነ የቅጂውን ባለቤት ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ፣ ማሲንቆ ተጫዋች ቀጥራችሁ አዲስ አስቀርጹና በጽሑፍ ተፈራረሙ።

አሁን ወደ ጉዱ።

የአዲስ አበባ መብራት 50 ሄርዝ ነው። ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል፤ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ ከዚያ ጋር ካልገጠመ ምስሉ ይርገበገባል። ስለዚህ የአገር ቤት ካሜራማን ዓይኑን ሳያሽ 25 ፍሬም (በሴኮንድ 25 ምስል)፣ ሹተር አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ብሎ ይጀምራል። ለቴሌቪዥን ትክክል ነው። የሲኒማ ቤት ልማድ ግን 24 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ውጭ ለመሄድ የማይፈልግ ሞልቷል። መፍትሔው እዚያው ካሜራው ላይ ነበር፤ 24 ፍሬም አድርጎ ሹተሩን አንድ ሃምሳኛ ላይ ማቆየት፣ በዲግሪ ለሚቆጥር ካሜራ 172.8። አይርገበገብም፣ በኋላም የሚቀየር ነገር አይኖርም። አንድ ቁልፍ ነው። እኔ አልነካሁትም።

የፌስቲቫሉ መመሪያ 24፣ 25 እና 30 ፍሬም እንቀበላለን ይላል፤ አምኜ የ25ቱን ፋይል ላክሁ። ሰብታይትሉንም መመሪያው እንዳዘዘው ለብቻው፣ ጽሑፉንና የሚወጣበትን ሰዓት ብቻ በሚይዝ የኤስአርቲ ፋይል። ዕይታው 6 ቀን ሲቀረው የአዳራሹ ሰርቨር 25 አይወስድም የሚል መልእክት መጣ፤ ከሥሩ «አታስብ፣ እኛው እንቀይረዋለን» የሚል ተጨምሮበታል። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ «እኛው እንቀይረዋለን» ስትባሉ አሻፈረኝ በሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 20 ደቂቃ በ25 ፍሬም 30,000 ፍሬም ይሆናል። ያንኑ 30,000 ፍሬም በ24 ስታሳዩት 20 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ይፈጃል። ምስልና ድምፅ አብረው ስለሚዘገዩ ከንፈርና ቃል አይለያዩም። ኤስአርቲ ግን የሚቆጥረው ፍሬም ሳይሆን ሰዓት፣ ደቂቃና ሴኮንድ ስለሆነ ፊልሙ መዘግየቱን አያውቅም፤ በድሮው ሰዓቱ ይቀጥላል። ልዩነቱ በ1ኛው ደቂቃ 2 ሴኮንድ ተኩል፣ በ8ኛው 20 ሴኮንድ፣ መጨረሻ ላይ 50 ሴኮንድ ነው።

ለምን እንዳልተያዘ ልንገራችሁ። የቀየረው ሰው የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ አጫውቶ «ይሠራል» ብሎ ጻፈልኝ። 2 ሴኮንድ ተኩል ልዩነት አማርኛ ለማይሰማ ጆሮ አይታወቅም። እኔም የተቀየረውን ፋይል ላኩልኝ ሳልል «እሺ» ብዬ መለስኩ። በእሱ ከመናደዴ ይልቅ በዚያች «እሺ» መናደዴ እስካሁን አልወጣልኝም። አዳራሹ ውስጥ በ8ኛው ደቂቃ እናትየዋ ዝም ብላ ስኒ ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች፤ ከታች «ከቤቴ ውጣ» የሚል ይነበባል። ሐበሻው ምንም አልጎደለበትም፣ ሌላው ግን ፊልሙ ሆን ብሎ የሚያደናግር መሰለው። የመጨረሻው ንግግር ሲደርስ ደግሞ ጽሑፉ ከናካቴው አልቆ ነበር።

ማስተካከያው የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ሰብታይትል ኤዲት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያ አለው፤ ከ25 ወደ 24 በሉት፣ እያንዳንዱን ሰዓት በ1.04167 ያባዛዋል። ከዚያ የምትፈትሹት መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነው። እሷ ከገጠመች ሁሉም ገጥሟል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ያለ ማስተካከያ ከዘገየ ከግማሽ ቃና ትንሽ ባነሰ መጠን ይወርዳል። ለወንድ ንግግር ብዙም አይሰማም፤ ማሲንቆውን ግን አጎረነነው። ቃናውን ጠብቆ የሚያዘገይ መሣሪያ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ ንግግር ላይ ጥሩ ነው፣ ክራር ላይ የእያንዳንዱን ምት ጫፍ ያደበዝዛል። ለሙዚቃው የመጀመሪያውን ቅጂ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙት።

ከዚህ በኋላ ሰብታይትሌን ምስሉ ላይ አትሜ እልካለሁ፤ መመሪያው ለብቻው ላኩ ቢልም። የተለየ ፋይል ከፈለጉ፣ ለምሳሌ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች፣ በተጨማሪ እልካለሁ እንጂ በምትኩ አይደለም። ስታትሙ ግን የነጠላን ነገር አትርሱ። ነጭ ፊደል በነጭ ነጠላ ላይ አይነበብም፤ የእኛ ፊልም ደግሞ ለቅሶም ሰርግም ስላለበት የስክሪኑ ግርጌ ግማሹ ነጭ ነው። ፊደሉን ሁለት ሦስት ፒክሰል በሚሆን ጥቁር ክፈፍ ክበቡት፣ ወይም ወደ ቢጫ አዘንብሉት።

ትርጉሙ ራሱ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ። ተዋናዩ «ያንን ሁሉ ገንዘብ... ለዚያ ለማይረባ ሰውዬ...» እያለ ጉጉት ሲያከማች፣ አንባቢው «ሰጠሁት» የምትለዋን ጽሑፉ ብቅ ባለበት ቅጽበት ጨርሷታል። ከግማሽ አዳራሹ ሳቁ ቀድሞ ይመጣል፣ ከግማሹ ዘግይቶ። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ቁረጡና ግሡን ያዘለውን ክፍል ተዋናዩ ሲደርስበት አውጡት። ርዝመቱ ከሁለት መስመር፣ በመስመር ከ42 ፊደል አይብለጥ፤ ከአንድ ሴኮንድ ያላነሰ፣ ከሰባት ያልበለጠ ይቆይ። የሰላምታውን ግርግር ሁሉ አትተርጉሙ፣ አንድ «እንደምን አላችሁ» ይበቃል። ልጅ አባቱን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲያወርደው ግን እንግሊዝኛው ያንን መሸከም ስለማይችል፣ ስድቡን በሌላ ቃል አስገቡለት፤ ካልሆነ ጥፊው ከየት እንደመጣ ማንም አይገባውም።

ዲሲፒ፣ ማለትም የሲኒማ ቤት ሰርቨር የሚያጫውተውን የፋይሎች ጥቅል፣ ራሳችሁ ሥሩ። ኤምፒፎር ይበቃል ቢሏችሁም ሥሩ። መሥሪያው ፕሮግራም ዲሲፒኦማቲክ ነፃ ነው። በ1920 በ1080 የተሠራ ፊልም 1998 በ1080 በሆነው፣ ፍላት በሚባለው የሲኒማ ቤት የምስል መጠን ውስጥ ሲቀመጥ ግራና ቀኝ 39 ፒክሰል ጥቁር ይቀራል፤ ተዉት፣ ለመሙላት ብላችሁ አታሳድጉት። በሴኮንድ 150 ሜጋቢት ካደረጋችሁት የእኔ ዓይነቱ ፊልም 23 ጊጋባይት ግድም ይመጣል። ያለ ልዩ ኮድ እንዳይከፈት የሚያደርገውን ቁልፍ አታድርጉበት፤ የሰፈር ፌስቲቫል ላይ ቁልፍ ማለት የማይከፈት ፊልም ነው። ከወጣ በኋላ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም አትንኩ፣ እርስ በርስ በስም ነው የሚፈላለጉት። ድምፁ ስቴሪዮ ብቻ ከሆነ ንግግሩ ከግራና ከቀኝ ድምፅ ማጉያ ይመጣና የመሀሉ ዝም ይላል፤ ዳር የተቀመጠ ሰው ተዋናዩን ከግድግዳው ይሰማዋል። ንግግሩን ወደ መሀሉ ስደዱት። የድምፁን ከፍታ ደግሞ ለስልክ እንደምታደርጉት አታስጩኹት፤ ስድስት ፊልም በአንድ መርሐ ግብር ሲታይ መቆጣጠሪያው አንዴ ይወርዳል፣ ከዚያ የሁሉም አበሳ ነው።

የተመልካቹን ነገር ለፌስቲቫሉ አትተዉ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ሳንኮፋ የተባለውን ፊልማቸውን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልወሰዱላቸው ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳይተውታል፤ ወንበሩን የሞላው የአካባቢው ጥቁር ማኅበረሰብ ነው። እኛም ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የቡና ቤት በር አለን፤ ፖስተር ይለጠፍ። እሑድ ጠዋት ከሰጧችሁ ለምኑና አስቀይሩ፣ ቅዳሴ አለ። ጁላይ 4 በሚውልበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሰው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ኳስ ወዳለበት ከተማ ሄዷል። አጭር ፊልም በሰዓቱ ይጀምራል፣ የሐበሻ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ከመርሐ ግብሩ መጨረሻ አካባቢ አድርጉልኝ በሉ።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። እኔ ፖስተሩ ላይ «ቅዳሜ 10 ሰዓት» ብዬ ነበር፣ በፈረንጁ የጠዋቱን ማለቴ ነው። ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አምባሻ በፌስታል ይዘው፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት መጡ፤ አዳራሹ ውስጥ በስፓኒሽ የሚናገር ፊልም እየታየ ነበር።