አሮጌ ጀልባ ላይ ትሪም ታብ መግጠም፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጀልባዬ የ1980ዎቹ ሥሪት ናት። ባለ 20 ጫማ፣ ፋይበር ግላስ፣ ሆዷ ከታች የሾለ። ስትሠራ የታሰበላት ቀለል ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር ነበር። ዛሬ ከኋላዋ የተሰቀለው ፎር ስትሮክ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ያላችሁ ጣጣውን ታውቁታላችሁ። ነዳጅ ሲሰጣት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትቀስራለች፣ ኋላዋ ይዘፈቃል፣ ነጂው ፊት ለፊቱን አያይም። ወፈር ያለ ሰው በግራ በኩል ከተቀመጠ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ወደ ግራ እንዳጋደለች ነው።

ለዚህ ነው ትሪም ታብ ለመግጠም የተነሳሁት። ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። በኋላ ግድግዳው ታችኛ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በማጠፊያ ይታሰራሉ። ከላይ ሆኖ የሚገፋቸው ክንድ አለ። ሰሌዳው ዝቅ ሲል ከሆዷ ሥር የሚወጣው ውሃ ወደ ታች ይታጠፋል፣ በምላሹም ኋላዋን ወደ ላይ ይገፋል። ኋላዋ ሲነሳ አፍንጫዋ ይወርዳል። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚታዘዙ መጋደልንም ያቃናሉ።

አዲስ ጀልባ ላይ ይህ ቀላል ሥራ ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ግን ታቡን ማሰር ትንሹ ክፍል ነው። ሥራው ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የማረዝመውም እዚያ ላይ ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ ክብደቱን ነካካሁ። ባትሪዎቹ ከኋላ ጥግ ነበሩ፤ ወደ መሪው ሥር አመጣኋቸው። የሞተር ማስነሻው ሽቦ ሲረዝም መወፈርም ስላለበት እሱንም ቀየርኩ። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ግን ይታያል። ታብ የሚሰጠው ግፊት በነጻ አይመጣም፤ ሰሌዳው በወረደ ቁጥር ውሃው ይይዛታል። ዕቃ በማዘዋወር ሊስተካከል የሚችለውን ነገር በታብ ማስተካከል ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ቀጥሎ ሆዷን አየሁ። ረጅምና ቀጥ ያለ አጣና ከኋላ ጠርዟ ወደ ፊት አስጠግቶ ማየት ይበቃል። ተሳቢ ላይ ለዓመታት የቆመች ጀልባ ሆዷ ሊጣመም ይችላል። ወደ ኋላ ጫፉ ላይ ወደ ታች ከታጠፈ ሁልጊዜ ታብ የወረደባት ያህል ትሆናለች። ወደ ላይ ከሸሸ ደግሞ ስትሮጥ አፍንጫዋ ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል። የእኔዋ ቀጥ ያለች ናት።

ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን ክንፍ ለምን አልሞከርክም ያላችሁኝ ነበራችሁ። ክንፉ አፍንጫ ያወርዳል፣ መጋደልን ግን አያቃናም። የእኔ ግማሽ ችግር መጋደል ነው።

ስለ መጠኑ የተለመደው ስሌት በየጎኑ ለአንድ ጫማ የጀልባ ርዝመት አንድ ኢንች የታብ ስፋት ነው። በዚህ ስሌት ለእኔ በየጎኑ 20 ኢንች ገደማ ይመጣል። ግን የሚወስነው ቦታው ነው። ከሆዱ የጎን ማዕዘን 3 ወይም 4 ኢንች ገባ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ስትታጠፉ ያስቸግራል። ከሞተሩ ደግሞ ቢያንስ 8 ኢንች መራቅ አለበት፤ አለዚያ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደውን ውሃ ይረብሻል። ከሆዷ ሥር በርዝመት የሚሄዱት ሸንተረሮችም ቦታ ይሻማሉ፤ ታቡ በሁለት ሸንተረሮች መካከል ቢያርፍ ይመረጣል። ሁሉንም ስለካው 18 በ9 ኢንች የሚባለው መጠን ገባልኝ፤ 18ቱ ስፋቱ ነው፣ 9ኙ ወደ ኋላ የሚወጣው ርዝመቱ። ቦታ የጠበበበት ወይም ቀስ ብላ የምትሄድ ጀልባ ያለው ሰው ወደ ኋላ 12 ኢንች የሚረዝመውን ይይ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ተሳቢያችሁን እዩት። ጀልባዋ የምትተኛባቸው እንጨቶች ከኋላ ግድግዳው አልፈው የሚወጡ ከሆነ ታቡን መጀመሪያ የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። የእኔዎቹን በመጋዝ አሳጠርኳቸው።

ሃይድሮሊክ ወይስ ኤሌክትሪክ? ከአምራቾቹ ቤኔት በሃይድሮሊኩ፣ ሌንኮ በኤሌክትሪኩ ይታወቃሉ። ሃይድሮሊኩ ፓምፑን ጀልባዋ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ውጭ የሚቀረው ክንድ ኤሌክትሪክ የለውም። ዘይቱም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስለሆነ አያስቸግርም። ኤሌክትሪኩ ፓምፕም ቱቦም የለውም፣ ግን ክንዱ ውስጥ ውሃ ከገባ ክንዱን በሙሉ መቀየር ነው። እኔ ኤሌክትሪኩን መረጥኩ። ምክንያቴ ቦታ ነው፤ ከኋላ በኩል ለፓምፕ የሚሆን ደረቅ ጥግ የለኝም።

ግድግዳው

በዚያ ዘመን የተሠሩ የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ በሁለት የፋይበር ግላስ ልብሶች መካከል የታሸገ ፕላይውድ ነው። ፋይበሩ አይበሰብስም። እንጨቱ ግን ይበሰብሳል። ውሃ የሚገባው ደግሞ የቀድሞ ባለቤቶች በበሱትና በቅጡ ባላሸጉት ቀዳዳ ነው። መሰላል፣ ሴንሰር፣ የውሃ ማውጫ፣ ሁሉም የራሱን ቪቴ ትቶ ያልፋል።

መጀመሪያ በትንሽ መዶሻ እጀታ ግድግዳውን ሙሉ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ አለው። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ላይ ከውስጥ በኩል፣ ታች ወደ ወለሉ ተጠግቼ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁ። ወደ ውጪኛው ልብስ እንዳይደርስ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠምጥሞ ምልክት ማድረግ ይረዳል። እዚህ ላይ የሚታየው ፍርፋሪው ነው። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጠቁሮ፣ ርሶ፣ የሚሸት ከሆነ ታቡን ትታችሁ ስለ ግድግዳው አስቡ። እንጨቱ በሰፊው ከሞተ ሞተሩንም የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ነገሩ የታብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የእኔው በአብዛኛው ደረቅ ነበር። እርጥበት ያገኘሁት የድሮው የጥልቀት መለኪያ ሴንሰር በታሰረበት አካባቢ፣ በቪቴዎቹ ዙሪያ ብቻ ነው። የሚያናድደው ቦታው ነው፤ ልክ የቀኙ ታብ ማጠፊያ የሚያርፍበት መስመር ላይ።

እርጥብ እንጨት ላይ ማሸጊያ መለጠፍ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን አሰፋኋቸው። ጫፉ የታጠፈ ምስማር መሰርሰሪያ ላይ ታስሮ ሲሽከረከር፣ የውጪውን ፋይበር ሳይነካ ከውስጥ ያለውን የላሸቀ እንጨት ጠርጎ ያወጣዋል። የድሮ ሠራተኞች ዘዴ ነው፤ እስካሁን የተሻለ አላየሁም። ከዚያ ማድረቅ። ማራገቢያ አስጠግቶ መታገሥ ነው እንጂ አቋራጭ የለውም። የሚያቃጥል የሙቀት ሽጉጥ የሚደግኑ አሉ፤ ፋይበሩን ከእንጨቱ ሊያላቅቀው ስለሚችል እኔ አልደፍርም።

ሲደርቅ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ሙጫ። መጀመሪያ ቀጭኑን፣ ምንም ዱቄት ያልተቀላቀለበትን፤ እንጨቱ እስኪጠግብ ይጠጣዋል። እሱ ሳይደርቅ፣ ገና ሲያጣብቅ፣ በሲሊካ ዱቄት የወፈረውን በመርፌ መስጫ መሙላት። ቀዳዳው በተቃራኒ በኩል ክፍት ከሆነ በፕላስተር ይታሸጋል። በትልቅ ዕቃ ውስጥ ብዙ አትበጥብጡ። ኢፖክሲ ተከማችቶ ሲቀመጥ ራሱን ያሞቃል፣ ጭስ እስኪወጣው ድረስ።

ለአዲሶቹ ቀዳዳዎችም ያው ነው። ታቡ ባዶ ግድግዳ ላይ በቀጥታ በቪቴ አይታሰርም። ከቪቴው ሰፋ አድርጎ መብሳት፣ በኢፖክሲ መሙላት፣ ሲጠነክር መሃሉን እንደገና በትክክለኛው መሰርሰሪያ መብሳት። በዚህ መንገድ ቪቴው የሚነክሰው ኢፖክሲውን ነው። አንድ ቀን ማሸጊያው ቢደክም እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። በየታቡ ያሉት ቪቴዎች ብዙ ናቸው፣ አሰልቺ ነው። ግን ሙሉው ሥራ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጄልኮቱ፣ ማለትም የፋይበሩ የላይኛ አንጸባራቂ ሽፋን፣ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ሁለት ነገር አድርጉ። ቦታው ላይ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፉ። መሰርሰሪያውን መጀመሪያ በተቃራኒ አቅጣጫ አሽከርክሩት፤ ጄልኮቱን ፈቅፍቆ ያልፋል እንጂ አይነክሰውም። ሲያልቅ የቀዳዳውን አፍ ሰፋ አድርጎ መሞረድ፤ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ማሸጊያው እንደ ቀለበት ይቀመጣል።

ማሰር

ታቡ ከሆዷ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሩብ ኢንች ገደማ። አምራቹ የሚሰጠውን ልክ ተከተሉ። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ የሰሌዳው ጫፍ ከሆዷ መስመር በላይ መሆን አለበት። አለዚያ ባትፈልጉትም ሁልጊዜ ይሠራል።

ማሸጊያ ሲመረጥ ሲሊከን ከውሃ በታች አይታሰብም። ስሪኤም 5200 የሚባለውን የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ አይለቅም። ችግሩም አለመልቀቁ ነው፤ አንድ ቀን ታቡን መንቀል ብትፈልጉ ጄልኮቱን ይዞ ይመጣል። እኔ የዚያኑ ኩባንያ 4200 የሚባለውን፣ ሊነቀል የሚችለውን፣ ተጠቀምኩ። ግድግዳውን በአሴቶን ጠርጌ፣ ማጠፊያውን ከጀርባው በሙሉ ቀብቼ፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ጨምሬ አሰርኩት። በጠርዙ ዙሪያ ሳይቆራረጥ ሲተፋ በቂ ነው። ቪቴዎቹ 316 የሚባለው አይዝጌ ብረት ናቸው።

የክንዱ የላይኛ መያዣ ግፊቱን ሁሉ የሚቀበል ስለሆነ እሱን በቪቴ አልተውኩትም። ከውስጥ እጄ ስለደረሰ በቡሎን አሳልፌ ከጀርባው ሰሌዳ አደረግኩለት። የክንዱን ሽቦ በግድግዳው ውጪ ወደ ላይ አውጥቼ ከውሃው መስመር በላይ አስገባሁት። ከውሃ በታች አንድ ቀዳዳ መቀነስ በራሱ ትርፍ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙ አያስወራም። 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ፊውዝ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ። በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ሽቦ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ። አበቃ።

ቁልፉ

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ቁልፎቹ የሚያዙት አፍንጫዋን ነው እንጂ ታቡን አይደለም። የግራውን «አፍንጫ ወደ ታች» ስትጫኑ የሚወርደው የቀኙ ታብ ነው። የቀኙ ታብ የቀኙን ኋላ ያነሳል፣ በዚያ ምክንያት የግራው አፍንጫ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦው ተጠላልፎ መግባቱ ትክክል ነው። ጀልባዋ ተሳቢ ላይ እያለች አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የትኛው እንደወረደ ቢነግራችሁ ጥሩ ነው። ውሃ ላይ ግን ታብ የሚባል ነገር እንዳለ እርሱት፤ የትኛው አፍንጫ ከፍ አለ ብላችሁ ብቻ እዩና እሱን ተጫኑ።

ውሃ ላይ

ሁለቱንም ትንሽ አውርጄ ነዳጅ ስሰጣት ያ የድሮው መቀሰር የለም። ተነሳች፣ ሄደች። ድሮ ከ17 ኖት ፍጥነት በታች ስንወርድ ትዘፈቅ ነበር። አሁን 13 አካባቢ ድረስ ውሃው ላይ እንደወጣች ትቆያለች። ማዕበል ባለበት ቀን ይህ ልዩነት ለወገብ ትልቅ ነገር ነው።

እጅ መማር ያለበት ነገር ቁጠባ ነው። ቁልፉን ነካ አድርጎ መልቀቅ፣ ጀልባዋ እስክትመልስ መጠበቅ፣ ካስፈለገ መድገም። መልሱ ስለሚዘገይ ትዕግሥት የሌለው ሰው አብዝቶ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ትጋደላለች። የታቡ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። በዝግታ ምንም ያልመሰለ ዝቅታ በፍጥነት ስትሄዱ ብዙ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨመር ታብ ይነሳል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ እኔ መጀመሪያ ጀልባዋን በታብ አቀናለሁ፣ ከዚያ የሞተሩን ትሪም፣ ማለትም የሚያዘነብልበትን ማዕዘን፣ አስተካክላለሁ። ሞተሩ የሚወስነው ፕሮፔለሩ ወዴት እንደሚገፋ ነው፤ መጋደልን አያቃናም። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሆዷ የሾለ ጀልባ ወደ ነፋሱ ማጋደል ትወዳለች። ነፋሱ ከቀኝ ከሆነ የግራውን አፍንጫ ነካ ማድረግ ነው፣ ትቃናለች።

ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ አፍንጫዋን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ውሃውን የሚሰነጥቀው የሾለው ክፍል ይሆናል። ማዕበሉ ከኋላ ሲሆን ግን ታቡ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። አለዚያ አፍንጫዋ ከፊቷ ያለው ማዕበል ውስጥ ተተክሎ፣ ኋላዋ ዞሮ በጎኗ ሊያስተኛት ይችላል። ወደ ኋላ ስትነዱም እንዲሁ አንሱት፤ ውሃው በሰሌዳው ጀርባ ገብቶ ክንዱን ይገፋዋል።

የቀረኝ ሥራ አለ። ታቦቹ ላይ ዚንክ፣ ማለትም ሌላው ብረት እንዳይበላ ራሱ የሚበላውን ቁራጭ፣ አላሰርኩም። ጀልባዬ ብዙውን ጊዜ ተሳቢ ላይ ስለምታድር አልቸኮልኩም። ጨዋማ ውሃ ውስጥ የምታሳድሩ ግን ዚንኩን ከመጀመሪያው ቀን እሰሩት። የታቡን ቦታ የሚያሳየው መብራትም ገና ነው። እሱ እስኪገጠም ድረስ ከመነሳቴ በፊት ሁለቱንም እስከ መጨረሻው እሰበስባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማወርደው በስሜት ነው። በዚንኩ ጉዳይ ታቡ ላይ በቀጥታ ያሰራችሁ ካላችሁ፣ ከላይ ነው ወይስ ከታች ያሰራችሁት? ከታች ከሆነ ውሃውን ያውክ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።