የሳማርቃንድ ማስታወሻ፦ ድንጋዩ ፈርሶ ወረቀቱ የቀረበት

የከዋክብት መመልከቻ ነው ብዬ ኮረብታውን ስወጣ ዓይኔ ወደ ላይ ነበር። በኡዝቤኪስታን ባለችው ሳማርቃንድ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዛው የከዋክብት ሊቅ የኡሉግ ቤግ ሥራ ግን የሚታየው ጎንበስ ብለው ነው። 600 ዓመት ገደማ የሆነው ሕንፃ ከምድር ገጽ ጠፍቷል። በትንሿ በር ገብቼ ቁልቁል ስመለከት ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ጠባብ ጉድጓድ፣ በውስጡም እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ጎብጠው የሚወርዱ ሁለት የድንጋይ መስመሮች አየሁ። ብዙ ቆምኩ።

የ40 ሜትር ያህል ራዲየስ የነበረው ግዙፍ መለኪያ የታችኛው ጫፍ ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን ከላይ በቀዳዳ ገብቶ ቅስቱ ላይ ሲያርፍ ከፍታዋን ያነቡ ነበር። ከግዝፈቱ የተነሣ አንዷ ዲግሪ ብቻ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ትይዛለች። እዚህ የሠሩት ሊቃውንት ፀሐይ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ወደዚያው የምትመለስበትን ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ አሉት። ከዛሬው ልኬት ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ አይሞላም!

አባቴ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምረን «365 ቀን ከ15 ኬክሮስ» ያስብለን ነበር። ኬክሮስ የዕለት 60ኛ እጅ ናትና 15ቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ያቺን ሩብ ቀን በቃሌ ይዤ ነው ያደግሁት፤ ሰው እርሷን ፍለጋ ዐለት እንደ ፈለፈለ ማየቴ ልቤን ነካው።

ኡሉግ ቤግ እ.ኤ.አ. በ1449 ተገደለ፤ መመልከቻውም ፈረሰ። የ1,018 ከዋክብት ሠንጠረዡ ግን በእጅ እየተገለበጠ ተረፈ። ቦታውን ራሱን አርኪዮሎጂስቱ ቪያትኪን በ1908 ያገኘው አንድ አሮጌ የመሬት ስጦታ ሰነድ መርቶት ነው።

ምሳ ፕሎቭ በላሁ፦ ከታች ሩዝ፣ በላዩ ቢጫ ካሮት፣ ከሁሉ በላይ ሥጋ። እዚህ አያማስሉትም፤ ደርብ በደርብ ነው የሚያቀርቡት። እኔ ግን ልቤ የቀረው ከዳቦው ጋር ነው። በሲዮብ ገበያ የገዛሁት ክብ ዳቦ ከባድና የሚያብረቀርቅ ነው፤ መካከሉ በመርፌ ማኅተም ተወግቶ እንደ አበባ ያጌጠ። የምድጃው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነው የሚጋግሩት። በጀርባው ማስቀመጥ ነውር ስለሆነ ሻጯ እናት አገላብጬ ያስቀመጥኩትን ዝም ብለው አቀኑት። የእናቴ እጅ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት በእጅ ወደሚሠሩበት ኮኒጊል መንደር ሄድኩ። የቱት ዛፍ ቅርፊት ይልጣሉ፣ ይቀቅላሉ፤ በወንዝ ውኃ የሚንቀሳቀስ መዶሻ ይወቅጠዋል። ከደረቀ በኋላ አንዲት ወጣት ሉኩን በዛጎል እየፈተገች ስታለሰልስ ተቀምጬ አየሁ። አባቴ ብራና ሲዳምጥ እንዲሁ ነው ትከሻው የሚሄደው፤ እንዲሁ ነው ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያየው።

ሦስት ሉክ ገዛሁ። ሁለቱ የእርሱ ናቸው። በመቃ ብዕሩ ሲጽፍበት ቀለሙ ይሰርግ እንደሆነ፣ ወይስ ላዩ ላይ ይቆም እንደሆነ አጠገቡ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ።