ረድፍ የሚጨመርበት ፎርም፦ ቫሊዴሽኑ (የተሞላው ልክ መሆኑን መፈተሹ) የት ላይ አስቸገረኝ

ተጠቃሚው የፈለገውን ያህል ረድፍ የሚጨምርበትና የሚሰርዝበት የድረ ገጽ ፎርም በመጨረሻ ልክ መጣልኝ። የስህተት መልእክቱ አሁን የሚወጣው ጥፋቱ ያለበት ረድፍ ላይ ብቻ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ገጹ ሲከፈት በየኢንፑቱ (በየመሙያ ሳጥኑ) ላይ ሊስነር (አንድ ድርጊት ሲፈጸም የሚሠራ ኮድ) ካሰራችሁ፣ ኋላ የሚጨመሩት ያለ ሊስነር ይቀራሉ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ አንድ ጊዜ አስራችሁ ከውስጥ የሚነሳውን ኢቨንት (እንደ መጻፍና መጫን ያለውን ድርጊት) እዚያ ተቀበሉት። ብለር (ተጠቃሚው ከኢንፑቱ ሲወጣ የሚነሳው ኢቨንት) ግን ከኢንፑቱ ወደ ፎርሙ አይወጣም፤ በእሱ ፈንታ ፎከስአውት ተጠቀሙ።

ጊዜዬን የበላው የስም አሰጣጥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የዕቃ ስም፣ ብዛትና «አስቸኳይ» የሚል ቼክቦክስ አለው እንበል። ፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ላይ እንደተለመደው ሁሉንም ስማቸው መጨረሻ ላይ ባዶ ማዕዘን ቅንፍ ([]) አድርጋችሁ ብትሰይሟቸው ቼክቦክሱ ጉድ ይሠራችኋል። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ጭራሽ ወደ ሰርቨር አይላክማ! ከ3 ረድፎች 2ኛውና 3ኛው ላይ ብቻ ምልክት ቢደረግ፣ ሰርቨሩ ጋ 3 ስም፣ 3 ብዛትና 2 ምልክት ይደርሳል፤ ምልክቶቹም ለ1ኛውና ለ2ኛው ይታደላሉ። ቫሊዴሽኑ ሁሉም ደህና ነው ይላል፣ ዳታው ግን ተዛብቷል። ከእንዲህ ያለው ድምፅ አልባ ስህተት ቀይ ኤረር በስንት ጣዕሙ።

በቅንፉ ውስጥ ተራ ቁጥር ማስገባት ይህን ይፈታል። ችግሩ ረድፍ ሲሰረዝ ነው። ብዙዎች ቁጥሩን እንደገና ይደረድሩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰርቨሩ «ረድፍ 2 ልክ አይደለም» ብሎ እስኪመልስ ተጠቃሚው ረድፍ 1ን ሰርዞ ከሆነ፣ የቀድሞው 3 አሁን 2 ሆኗል፤ መልእክቱም ምንም ያላጠፋው ረድፍ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ረድፉ ሲፈጠር አንድ መለያ ስጡት፤ ቢሰረዝም ያ መለያ ለሌላ አይሰጥ። የኢንፑቱ ስም፣ አይዲው፣ ሌብሉና የስህተት መልእክቱ ሁሉ በእሱ ይታሰሩ፤ ሰርቨሩም ስህተቱን በዚሁ መለያ ይመልስ። መሃል ላይ ቁጥር ቢጎድል ማንም አይሞትም። ሪአክት (የገጽ መሥሪያ መሣሪያ) ላይ የአሬይ ኢንዴክስን (የዝርዝሩን ተራ ቁጥር) ኪይ (የረድፍ መለያ) አታድርጉ የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል።

ለቫሊዴሽን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ለመጫን የሚጣደፍ ሰው ደግሞ አይገባኝም። የብራውዘሩ የራሱ ቫሊዴሽን አዲስ የተጨመረውንም ኢንፑት ያለ ምንም ምዝገባ ይፈትሻል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። በሴትከስተምቫሊዲቲ (የራስን የስህተት መልእክት መስጫ ትእዛዝ) የሰጣችሁትን መልእክት ባዶ ጽሑፍ ሰጥታችሁ ካላጠፋችሁት፣ ተጠቃሚው ቢያስተካክልም ፎርሙ አይላክም። ግዴታ የሆነ ኢንፑት በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ከደበቃችሁም ብራውዘሩ መልእክቱን የሚያሳይበት ቦታ ስለሚያጣ «ላክ» የሚለው ቁልፍ የሞተ ይመስላል። የደበቃችሁትን ዲሴብል (ከሥራ ውጭ) አድርጉት፤ ያኔ አይፈተሽም፣ አይላክምም።

ሰርቨሩ ላይ ሁሉንም እንደገና መፈተሽ ግዴታ ነው፤ የረድፍ ጣሪያም አብጁለት፣ አለዚያ አንዱ 10,000 ረድፍ ይልክላችኋል።

ሁለት ረድፎች አንድ ዓይነት ስም እንዳይይዙ የሚከለክለው ክፍል ግን ገና አላማረኝም። አንዱ ሲስተካከል የሌላው መልእክትም መጥፋት ስላለበት፣ ለጊዜው አንድ ፊደል በተነካ ቁጥር ሁሉንም ረድፎች እንደገና እፈትሻለሁ። ረድፉ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። የተሻለ መንገድ ያላችሁ ወዲህ በሉ።