ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ሳጥን

እ.ኤ.አ. 1982 ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። እኔ ከኋላ፣ ጥገና ክፍል። ከፊት ደግሞ ከረባቱ የማይላላ ሻጭ አለን። እሱ ይሸጣል፤ የሸጠው ነገር እንዴት እንደሚሠራ የምናስረዳው እኛ ነን።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ሶፍትካርድ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1980 ያወጣው ካርድ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 349 ዶላር። የአፕል ቱ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር 6502 ስለሆነ ሲፒ/ኤም የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይሄድበትም። ካርዱ ዜድ80 የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ይዞልህ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሎት 4 የሚባለው መሰኪያ ላይ ትሰካዋለህ፣ በሲፒ/ኤም ዲስክ ታስነሳለህ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ወርድስታርም የመረጃ ማደራጃው ዲቤዝ ቱም ይከፈትልሃል። የአፕል ቱ ፕላስ ስክሪን በመስመር 40 ፊደል ብቻ ስለሚያሳይ ግን ለወርድስታር በመስመር 80 ፊደል የሚያሳይ ሌላ ካርድ ያስፈልግሃል። ይህችን ነገር ሻጫችን የሚያነሳት ደንበኛው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው።

ለትንንሽ ሱቆች ሒሳብ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ መጣች። በአፕሉ በራሱ ፕሮሰሰር የሚሄድ ቪዚካልክ የሚባል የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ነው የምትሠራው፤ አሁን ደግሞ ለደንበኞቿ ደብዳቤ በወርድስታር መጻፍ አማራት።

«ሁለቱም አንድ ላይ ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«እንዴታ! ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ሳጥን ነው የሚገዙት።»

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣችና ሁለት ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገች። ይሄኛው ያኛውን አያነበውም። ሠንጠረዡ ቪዚካልክ ውስጥ፣ ደብዳቤው ወርድስታር ውስጥ፣ እሷ መሀል ላይ።

እውነቱን ነገርኳት። «ዲስኮቹ መልካቸው አንድ ነው እንጂ አጻጻፋቸው ይለያያል። ፕሮሰሰሮቹም ቢሆኑ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ዜድ80 ዋናውን ሥራ ይይዛል፤ 6502 ዲስክ ወይም ስክሪን ሲያስፈልግ ብቻ ተጠርቶ ይላላካል።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነው የገዛሁት?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለ ከረባቱ ከኋላዬ ብቅ አለ። «ይቅርታ፣ ሁለት መኪና ያለው ሰው ሁለቱንም አንዴ ይነዳል እንዴ?»

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ እውነቱን ስነግራት ፊቷን ያጠቆረችው ሴትዮ፣ ለእሱ ሳቀችለት! መልሱ የመጣልኝ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ነው፦ ሰውዬ፣ የአንዱን መኪና ዕቃ አውርዶ ሌላው ላይ መጫን ይቻላል፤ እሷ የጠየቀችህም እሱን ነው። ግን ማን ይስማኝ? ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ከካርዱ ጋር የመጣውን ዲስክ ፈተሽኩ። ኤፒዶስ የሚባል ፕሮግራም አለበት፤ ከአፕል ዲስክ ወደ ሲፒ/ኤም ዲስክ ፋይል ያሻግራል። ቪዚካልክ ደግሞ ሠንጠረዡን ወደ ፕሪንተር በመላክ ፈንታ ዲስክ ላይ እንደ ጽሑፍ «ማተም» ይችላል። ስለዚህ እዚያ ታትማለህ፣ አጥፍተህ በሲፒ/ኤም ታስነሳለህ፣ በኤፒዶስ ታሻግራለህ፣ በወርድስታር ትከፍታለህ። ደግነቱ ሴትዮዋ ሁለት ድራይቭ ነበራት። ቅደም ተከተሉን በእጄ ጽፌ ሰጠኋት፤ «ባለቤቴ እንኳ እንዲህ አያብራራልኝም» ብላ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ለሱቁ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰ። በወርድስታር የተጻፈ፣ መሀሉ ላይ ከቪዚካልክ የመጣ ሠንጠረዥ የተሰካበት፣ ቁጥሮቹ አንድም ሳይዛነፉ። አድራሻው ለሻጫችን ነው። ስለ መኪናው ቀልድም አንድ መስመር አላት።

እሱም በፍሬም አድርጎ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ «ሁለቱም አንድ ላይ ይሠራሉ?» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ «ራስዎ ይዩት፣ ሠንጠረዡም ደብዳቤውም አንድ ገጽ ላይ!» ይላል። ካርዱ ይሸጣል። ከሳምንት በኋላ ደንበኛው ሁለት ዲስክ ይዞ ይመጣና ወደ እኔ ይላካል።