ከበሩ ውጪ

ዛሬ መሳቢያ ሳስተካክል ያ ወረቀት ወጣ። ልጄ አምስት ሳምንት ሲሞላው ልቅሶውን መመዝገብ የጀመርኩበት ነው። እያንዳንዱ ሰዓት አራት ሳጥን አለው፣ ያለቀሰበትን ሩብ ሰዓት በእስክሪብቶ አጠቁራለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። አንድ ቦታ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል። ያንን ማታ አልረሳውም።

ሐኪሟ ኮሊክ ነው አለችን፣ ጤነኛ ሕፃን ያለ ግልጽ ምክንያት ለሰዓታት ሲያለቅስ የሚባለው ነው። ደህና አድርጋ መርምራዋለች። ትኩሳት የለውም፣ አረንጓዴ ነገር አያስመልሰውም፣ ሰገራው ላይ ደም የለም፣ ይጠባል፣ ክብደቱም እየጨመረ ነው። «ጤነኛ ነው፣ ያልፍለታል» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ጤነኛ የተባለ ልጅ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፣ ፊቱ ደም መስሎ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጮህ እያየሽ «ያልፋል» የሚለው ቃል ጆሮ አይገባም። አንድ ማታ እጄ ሲንቀጠቀጥ ስለታወቀኝ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝቼው፣ በሩን ዘግቼ፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። አሁንም ትክክል እንዳደረግኩ ነው የማምነው። ሕፃን ብቻውን አምስት ደቂቃ ቢያለቅስ ምንም አይሆንም፣ ተበሳጭተው ቢነቀንቁት ግን ሊሞት ይችላል።

ጓደኛዬ የደወለችልኝ በዚያው ሰሞን ነው። «ስሚኝ፣ ካይሮፕራክተር ጋ ይዘሽው ሂጂ። የእኔዋ በሦስት ቀጠሮ ነው ዝም ያለችው።» ካይሮፕራክተር አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጁ እየተጫነ የሚያክም ባለሙያ ነው፣ ለሕፃን ሲሆን በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጫናል። ጓደኛዬ ውሸት አታውቅም። በዚያ ድካም ላይ ሆኜ ቀጠሮ ለመያዝ ስልኩን አንስቼ ነበር።

ያቆመኝ የባለቤቴ ስልክ ነው። ልቅሶውን እሱም በስልኩ ይመዘግብ ነበር፣ እኔ ግን አላወቅኩም። አንድ ቀን ለሆድ ጋዝ የሚሰጠውን ጠብታ፣ ሲሜቲኮንን፣ ጀመርኩለትና ማታውን ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አሳየሁት። ሰባት ሳጥን ብቻ! እሱ ስልኩን አወጣ። አሥር ሳጥን የሚያህል። ያው ልጅ፣ ያው ማታ፣ ያው ክፍል። ልዩነቱ አንድ ነው፣ እሱ ጠብታ መስጠቴን አልሰማም። እኔ መነጫነጩን «ይሄ ልቅሶ አይደለም» እያልኩ አልፌዋለሁ። አስቤበት አይደለም። በጣም ስለፈለግኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ካይሮፕራክቲክ የተሠሩትን ጥናቶች ማንበብ ጀመርኩ፣ ልጁን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እጄ። ዴንማርክ ውስጥ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ተስፋ ይሰጣል። 50 ሕፃናት ነበሩ፣ ግማሾቹ በእጅ ታከሙ፣ ግማሾቹ የጋዝ መድኃኒት ወሰዱ። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ በእጅ የታከሙት ልቅሷቸው በቀን በ2.4 ሰዓት ሲቀንስ የሌሎቹ በ1 ሰዓት ብቻ ቀነሰ። ግን ወላጆቹ ልጃቸው የትኛውን እንዳገኘ ያውቃሉ። የሚመዘግቡትም እነሱው ናቸው። ልክ እንደ እኔና እንደ ጠብታዬ።

በ2001 የወጣው የኖርዌይ ጥናት ይህንኑ ለማስተካከል የተሠራ ነው፣ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። 86 ሕፃናት ናቸው። ነርስ ልጁን ከወላጁ ተቀብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ወላጅ ውጪ ይቀራል። በዕጣ የደረሳቸውን ካይሮፕራክተሩ ያክማቸዋል። ያልደረሳቸውን ነርሷ 10 ደቂቃ አቅፋ ትመልሳቸዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተደረገ፣ ወላጆቹም ምን እንደተደረገ ሳያውቁ ቤታቸው ሆነው መዘገቡ። ከታከሙት ወደ 70 በመቶው ተሻላቸው። ከታቀፉትስ? 60 በመቶው። ልዩነቱ በአጋጣሚም የሚመጣ ነው ተባለ። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ያንን 60 ነው። ከመቶ ስልሳው ምንም ሳይደረግላቸው፣ ተይዘው ብቻ፣ «ተሽሎታል» ተባለላቸው። እነዚያ እናቶች ካይሮፕራክተሩ ነክቶልናል ብለው ቢያምኑ ማን ይፈርድባቸዋል?

ዴንማርኮች በ2021 ወላጆቹ ሳያውቁ በ200 ሕፃናት እንደገና ሞከሩት። የታከሙት በቀን 1.5 ሰዓት፣ ያልታከሙት 1 ሰዓት ቀነሱ። ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም፣ በዚያ ማታ ብትሰጡኝ እወስደው ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸውና ከመጀመሪያው ያለቅሱበት የነበረው ሰዓት ሲታሰብ ልዩነቱ የሚተማመኑበት ሆኖ አልቆመም። ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። በ2012 እስከዚያ የነበሩትን ስድስት ጥናቶች የሰበሰበ ግምገማ ነበር፣ ባጠቃላይ 325 ሕፃናት። ከስድስቱ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ የተከታተለው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ምንም አላገኘም፣ ግን የአምስት ሳምንት ልጅ አከርካሪ ሲነካ ይሄ መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም እንዴ?

አልወሰድኩትም። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ብወስደው ማታ ማታ የምመዘግበው እኔ ነኝ፣ ራሴን ደግሞ አይቻታለሁ። ሌላም ነገር ገባኝ። የሕፃናት ልቅሶ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየባሰ ሄዶ ከዚያ ይወርዳል፣ ሦስት ወር ላይ አብዛኛው ያልቃል። እናት የምትሮጠው ደግሞ ሲብስባት ነው፣ ማለትም ሊወርድ ሲል። በስድስተኛው ሳምንት ወስጄው ቢሆን ዛሬ ለሌላዋ እናት የምደውለው እኔ ነበርኩ።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፣ «አመሰግናለሁ፣ ትንሽ ልጠብቅ» ነው ያልኳት። የልጇን መዳን ልቀማት አልፈልግም፣ ልጅቷ በእርግጥ ተሽሏታል። እንድትመጣና ልጁን አንድ ሰዓት እንድትይዝልኝ ግን ለመንኳት። መጣች። ገላዬን ታጠብኩ፣ ተኛሁ። በእነዚያ ሳምንታት በቁም ነገር የረዳኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ ባለቤቴም ተራ ይዞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እሱ ይይዘዋል፣ እኔ በሌላው ክፍል እተኛለሁ።

ወረቀቱ የሚያበቃው በ11ኛው ሳምንት ላይ ነው። የመጨረሻው ማታ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። ጥጉ ላይ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ «ይተነፍሳል፣ አይቼዋለሁ» የሚል አለ።