ባሱ ለምን እንዲህ ይሮጣል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ ያልወጣው የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» የተሰኘው የዲስኮ ዘፈን ነው። በ1977 ፕሮዲውሰሮቹ ጆርጂዮ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ሙኒክ ውስጥ ሲሠሩት፣ ዲስኮ የቫዮሊንና የትንፋሽ መሣሪያ ዓለም ነበር። እነሱ ግን ሙዚቃውን ከሞላ ጎደል በሙግ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ ሠሩት።

በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ በአንድ ጎን ይመታል፤ ያው ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ በሌላው ጎን ይደገማል። ክፍተቱ ሲሞላ ፍጥነቱ እጥፍ ይመስላል። በአንድ ስፒከር ግን ይህ የግራ ቀኝ ሩጫ ይጠፋል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ፍጥነቱ በደቂቃ 128 ምት ከሆነ ዲሌዩን (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን) 117 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉት። ዋናውን ወደ ግራ፣ የዘገየውን ወደ ቀኝ ወስዳችሁ አንዴ ብቻ ይደገም። ከዚያ ካለፈ ባሱ ይደፈርሳል።

ሙግ ቅኝቱ ቶሎ ስለሚሸሽ ቀረጻው የተካሄደው በአጭር በአጭሩ ነበር። ኪኩን፣ ማለትም በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ ግን የመታው ሰው ነው፣ ከበሮ መቺው ኪት ፎርሲ! ማሽኑ ያን ጉልበት አልሰጣቸውም። ለእኔ የዘፈኑ ሕይወት እዚያ ላይ ነው።

በኋላ ሙዚቀኛው ፓትሪክ ካውሊ ከ15 ደቂቃ በላይ አስረዘመው። የቺካጎ ሃውስና የዲትሮይት ቴክኖ የተባሉት የዳንስ ሙዚቃዎችም በዚሁ የማይቋረጥ የማሽን ባስ ላይ ተገነቡ።